በጓሮ የምንሸኘው ውኃ

በእኛ ሰፈር ክረምት መቃረቡ የሚታወቀው አባቴ መሰላል ተውሶ ጣራ ላይ ሲወጣ ነው። ደመናው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ግንቦት፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ቤት እንዳለው የሚያስታውስበት ወር ነው። ከመስከረም ጀምሮ ጣራውን ቀና ብሎ ያላየ ሰው ድንገት ባለሙያ ይሆናል። የሚስማር ቀዳዳ በሬንጅ ይደፈናል፤ የላላ ቆርቆሮ ላይ ድንጋይ ይጫናል፤ ከየግቢው የጭድና የጭቃ ሽታ ይወጣል። ወደ መንገዱ የዞረው ግድግዳ ቀለም ይቀባል። የጓሮው ግድግዳ ደግሞ «እሱን ለሌላ ጊዜ» ይባላል። ሌላ ጊዜ የሚባለው ወር መቼ እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም።

አባቴ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። የዓባይን መነሻና መድረሻ ለሁለት ትውልድ አስተምሯል። የራሱ ጣራ ውኃ መድረሻ ግን አሳስቦት አያውቅም። ለእሱ የቤት እድሳት ማለት ውኃን ቶሎ ብሎ ከግቢ መሸኘት ነው። የት ይደርሳል የሚለውን ለተማሪ እንጂ ለራሱ አይጠይቅም።

ቤታችን ቁልቁለት ላይ ነው። ከላይ እኛ አለን። ከእኛ ቀጥሎ ባለወፍጮው፣ ከእሱ ቀጥሎ እማሆይ አሉ። ከእማሆይ በታች ማንም የለም፤ ስለዚህ ከእማሆይ የሚያልፍ ቅሬታም የለም።

ነገሩ የተጀመረው ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ወደ ቤት በተመለስኩበት ዓመት ነው። ያጠናሁት የውኃ ምሕንድስና ነው። የምርቃት ጋውን የለበስኩበት ፎቶ ሳሎን ውስጥ ከእመቤታችን ሥዕል ቀጥሎ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ አባቴ ወደ ፎቶው እየጠቆመ «የውኃ ኢንጂነር ናት» ይላል። እንግዳው ሲሄድ «ነይ እስቲ መሰላሉን ያዢልኝ» ይላል። ሥራ ስላልነበረኝ መሰላል እይዛለሁ።

በዚያ ግንቦት አባቴ ጣራው ዙሪያ አሸንዳ አስገጠመ። ከአሸንዳው ፕላስቲክ ቧንቧ አወረደ፤ ቧንቧውን በኤልቦ አጥፎ በጓሮ አጥር ቀዳዳ አሾለከው። እኔ ከታች መሰላሉን እንደያዝኩ ነበርኩ።

«አባዬ፣ ቧንቧው መጨረሻው የት ነው?»

«ከአጥሩ ውጭ።»

«ከአጥሩ ውጭ እኮ የሰው ግቢ ነው።»

«ልጄ፣ ውኃ ወደ ታች ይሄዳል። ይሄን እኔ አላመጣሁትም።»

ድምፄ ትንሽ ነው፤ እናቴ ሳልጮህ ያደግኩት ድምፄን ለጎረቤት አበድሬ እንደሆነ ትናገራለች። ቢሆንም ያጠናሁት ነገር ስለሆነ ቀጠልኩ። «በፊት ለፊት ብናወጣውስ? በመንገዱ ዳር ቦይ ቢቆፈር፣ ከባለወፍጮው በር አለፍ ብሎ ካለው ትልቁ የድንጋይ ቦይ ይገባል። ሩቅ አይደለም።»

አባቴ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ አየኝ። «በሰው በር ላይ ቦይ ይቆፈራል? ነውር አይደለም እንዴ?»

እዚህ ላይ ነውር የሚባለውን ነገር ማብራራት አለብኝ። ነውር ፊት ለፊት ነው የሚኖረው። በሰው በር ላይ መቆፈር ነውር ነው፤ መንገደኛ ያየዋል። በሰው ጓሮ ውኃ መልቀቅ ግን እድሳት ነው።

የመጀመሪያው ዶፍ በወረደ ማግስት ባለወፍጮው መጣ። ደህና አደሩ፣ እንዴት ናችሁ፣ እናታችን እንዴት ናቸው፣ ከብቱ እንዴት ነው ተባለ። ከብት የለንም። ከዚያ አሸንዳውን ቀና ብሎ እያየ፣ «ያምራል መምህር» አለ። «ውኃውም ጥሩ አድርጎ ይወርዳል። እኔ ጓሮ ቆሜ ሳየው ነው ያመሸሁት።»

«እግዜር ይስጥልኝ። አንተም እስቲ ለቤትህ አስብ» አለው አባቴ።

«እያሰብኩ ነው መምህር።»

አሰበ። ሰኔ ሳይጋመስ ጓሮውን በሙሉ ሊሾ አስደረገው። ተዳፋቱን እኔም ብሆን ከዚያ የተሻለ አላሰላውም ነበር፤ ውኃው ከእኛ ቧንቧ ወርዶ በሲሚንቶው ላይ እየተንሸራተተ፣ የባለወፍጮውን ጣራ ውኃ ጨምሮ፣ በታችኛው አጥር ሥር ይወጣል። ሁለቱ ሰዎች በር ላይ ሲገናኙ አንዱ የአሸንዳውን፣ ሌላው የሊሾውን ጥራት ይመሰክራል። ስለ እማሆይ ግድግዳ የተነሳ ነገር የለም።

እማሆይ ባላቸው ከሞቱ በኋላ የመነኮሱ፣ ገዳም ግን ያልገቡ ሴት ናቸው። ቤታቸው የእንጨትና የጭቃ ነው። የጓሮው ግድግዳ ወደ ባለወፍጮው ግቢ ይዞራል፤ በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ በጭድና በጭቃ ይመርጉታል፣ በየክረምቱ ደግሞ ውኃው ሥሩን ይበላዋል። በዚያ ሰኔ ግን ግድግዳው እንደ ነፍሰ ጡር ወደ ውስጥ አብጦ ነበር። ሉማሜ ያለው የወንድማቸው ልጅ መጥቶ አይቶ፣ «ይሄ ግድግዳ ይህን ክረምት ካልተሻገረ ይሸጡታል፤ ከእኔ ጋር ይኖራሉ» ብሏቸው ሄደ። ለእሱ ደግነት ነበር። እማሆይ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ግድግዳውን በመዳፋቸው ሳይዳስሱ አይወጡም ነበር።

አንድ ቀን ዳቦ ላደርስላቸው ስገባ አልጋቸው ከወትሮው ከፍ ብሏል። ከየእግሩ ሥር ድንጋይ ተነባብሯል።

«አልጋዎ ከፍ አለ እማሆይ።»

«አባትሽ ቧንቧ ሲጨምሩ እኔ ድንጋይ እጨምራለሁ» አሉኝ። «ቀስ በቀስ ወደ ሰማይ መጠጋቴ ነው። ያለ ሱባኤ።»

«ሉማሜ ቢሄዱ ምን ይመስልዎታል?»

«ሉማሜ ምን አለኝ? እዚያ ሰው አላውቅም፤ ማንን ልማ?»

የሰፈሩ ሰዎች የገብርኤል ማኅበር አለን። ጽዋው በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ የሐምሌው ተራ የእማሆይ ነው። ከባላቸው ጋር ሆነው የተቀበሉት ነው፤ ለማንም ሰጥተው አያውቁም። እናም አባቴ ቧንቧውን፣ ባለወፍጮው ሊሾውን በሠሩበት ክረምት፣ ሁለቱም ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የክት ጫማቸውን አድርገው፣ ዣንጥላ ይዘው ወደ እማሆይ ቤት ወረዱ። እናቴና እኔም ተከተልን።

ጸሎቱ ተደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ሰው ከተቀመጠ በኋላ ዝናቡ መጣ። ቆርቆሮው ላይ እየተንጫጫ ስለነበር ወሬ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ውኃው በጓሮው ግድግዳ ሥር ገባ። አይቸኩልም። ቤቱን እንደሚያውቅ ሰው የመደቡን ዳር ይዞ መጣና አባቴ ጫማ ሥር ሲደርስ ቆመ።

አባቴ እግሩን አነሳ። ባለወፍጮው አነሳ። ከዚያ ሰው ሁሉ በየተራ አነሳ፤ ማኅበሩ በሙሉ እግሩን አየር ላይ አንጠልጥሎ ጠላ ይጠጣ ጀመር።

«ዘንድሮ ክረምቱ በርትቷል» አለ አባቴ።

«ለእህሉ ደግ ነው» አለ ባለወፍጮው።

«ለእህሉማ ደግ ነው» አሉ የማኅበሩ ቄስ፣ የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብስበው።

እማሆይ ጽዋውን እንደያዙ ውኃው መሐል ቆመዋል። «አይሳቀቁ መምህር፣ ባዕድ አይደለም» አሉ። «ይሄ ቀላ ያለው የእርስዎ ነው፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይዞ ነው የሚመጣው። ያ ነጣ ያለው ያንተ ነው ልጄ፤ ሲሚንቶህ ገና አልጠናም መሰል። እናንተ በፊት በር መጣችሁ፣ እነሱ ጓሮውን ለምደውታል።»

ሰው ሳቀ። እኛ ጋ መልስ ላለመስጠት ከሳቅ የሚቀል ነገር የለም። ሳቁ ሳያልቅ ከጓሮው ግድግዳ አንድ ትልቅ የምርጊት ቁራጭ ተላጠና ውኃው ላይ ዱብ አለ። ሁሉም ሰማ። ዞር ያለ ግን የለም።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። የክፍል ድምፁ ነው፤ አውቀዋለሁ፤ አንድ ነገር ሊፈታ ነው ማለት ነው። ልቤ ደስ አለው። «እንደው» አለ፣ «እማሆይ በዚህ ዕድሜያቸው በክረምት እንዲህ ባይንገላቱ። ተራቸው ወደ ጥር ቢዞርላቸውስ? ጥር ብራ ነው፤ ቤቱም ደረቅ ነው።»

ሐሳቡ የተቀደሰ ነው ተባለ። የአባቴን አሳቢነት ያላመሰገነ አልነበረም፤ ባለወፍጮው የእሱ ተራ የሆነውን ጥርን ለመልቀቅ ፈቃደኛ መሆኑን ማንም ሳይጠይቀው ሦስት ጊዜ ተናገረ። ውኃውን ከእማሆይ ቤት ማስወጣት ለካ ማንም አላሰበም፤ የታሰበው ማኅበሩን ማስወጣት ነው።

«ማኅበሩስ ጥር ላይ ሆነ» አሉ እማሆይ። «እኔ ሐምሌን የት ልዋል?»

«እግዚአብሔር ያውቃል» አሉ ቄሱ።

እዚያ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እግዚአብሔር ብቻ እንዲያውቀው ተተወ። እማሆይ ተራቸውን እሺ ብለው ስላልሰጡ ጉዳዩ ለመስከረም ተቀጠረ። የተላጠው ግድግዳ እስከ መስከረም ይቆይ እንደሆነ ግን የጠየቀ አልነበረም።

በሳምንቱ አባቴና እናቴ ለተዝካር ደምበጫ ሄዱ። ቤት ጠባቂ እኔ ነበርኩ። ጓሮ ወጥቼ ኤልቦውን አየሁት። በሙጫ አልተጣበቀም፤ አባቴ ራሱ ነው «ለጥገና ይመቻል» ብሎ የተወው። በሁለት እጄ ያዝኩና አዞርኩት። ከባድ አልነበረም። የቧንቧው አፍ አጥሩን ትቶ ወደ ራሳችን ግቢ፣ ወደ አባቴ የጎመን መደብና ሬዲዮ ወደሚያዳምጥባት ፕላስቲክ ወንበር ዞረ። ገብቼ እጄን ታጠብኩ።

ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ጣለው። አባቴና እናቴ በሩን ከፍተው ሲገቡ ግቢው ሐይቅ ሆኗል፤ ጎመኑ ጭንቅላቱ ብቻ ይታያል፤ ወንበሯ በጀርባዋ ተንሳፋ ትዞራለች።

«ቧንቧውን ማን ነካው?» አለ አባቴ።

«እኔ ነኝ።»

«ምን አልሽ?»

አልተሰማውም ነበር። ደግሜ መናገር ነበረብኝ፤ የመጀመሪያውን ከመናገር የሚከብደው ይህ ነው። «እኔ ነኝ ያዞርኩት።»

«ተበላሽቶ ነው?»

«አልተበላሸም። ውኃው የኛ ስለሆነ ነው።»

እናቴ ቀሚሷን ወደ ላይ ሰብስባ ከኋላው ቆማለች። «ክረምቱ በርትቷል» አለች። «ለእህሉ ደግ ነው።»

አባቴ እሷንም እኔንም አየን። «መልሺው» አለኝ።

«አልመልሰውም።»

ራሱ ሊመልሰው ይችል ነበር። ነገር ግን እዚያ ለመድረስ በገዛ ውኃው ውስጥ መራመድ ነበረበት፤ እግሩ ላይ ያለው ደግሞ የክት ጫማው ነው። እኔ እማሆይ ከሰፈር እንዳይሄዱ ፈርቼ ቆሜያለሁ፣ እሱ ስለ ጫማው ቆሟል፤ ውኃው ሁለታችንንም አልጠበቀም፣ ደረጃውን አልፎ ሳሎን ገባ፤ ከፎቶዬ ሥር።

ራት ላይ አባቴ አንድ ጉርሻ ቆረሰ። ከዚያ እንጀራውን እያየ፣ «ያ ቦይ ያልሽው» አለ፣ «ምን ያህል ጥልቀት ይፈልጋል?»

የውኃ ኢንጂነሯ የመጀመሪያ ሥራዋን እንዲህ አገኘች።

ቦዩ ሲቆፈር ባለወፍጮው በሩ ላይ ቆመ። «መምህር» አለ፣ ፊቱን አጥቁሮ፣ «በሰው በር ላይ?»

«ልጄ፣ ውኃ ወደ ታች ይሄዳል» አለው አባቴ። አንድ ዓረፍተ ነገር በደንብ ከተሠራ ለሁሉም ወገን ያገለግላል። ቀጥሎም መንገደኛ እስኪሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አንተም የሊሾህን ውኃ ወደዚህ አዙረው እንጂ። በሰው ጓሮ ውኃ መልቀቅ እኮ ነውር ነው» አለ። ሲናገር አምኖበት ነበር። ሁለት ሴቶች ከገበያ ሲመለሱ ቆመው ሰሙ። ነውሩ ፊት ለፊት ወጣ ማለት ነው። ባለወፍጮው በነጋታው የሊሾውን ጠርዝ አስፈልጦ ውኃውን ወደ ቦዩ አዞረ፤ በሩ ላይ ደግሞ ቦዩን በጠፍጣፋ ድንጋይ ከድኖ፣ ድልድይ አለኝ ይል ጀመር።

ነሐሴ አለፈ። መስከረም ላይ የእማሆይ ወንድም ልጅ ከሉማሜ መጣ። ግድግዳውን በትከሻው ገፋው፤ ቆሟል። ደግሞ ገፋው። «በል ተወው፣ የቆመውን አንተ ትጥለዋለህ» አሉት እማሆይ። ምሳ በልቶ ብቻውን ተሳፈረ። ጥቅምት ላይ ግድግዳውን እማሆይና እኔ ስንመርግ አባቴ ጭድ አምጥቶ፣ ተቀምጦ፣ አመራር ሰጠ። የጥር ነገር ዳግመኛ አልተነሳም።

በሚቀጥለው ሐምሌ ማኅበሩ እማሆይ ቤት ተቀመጠ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሁሉም ሰው ሳያስበው እግሩን ትንሽ ከፍ አደረገ። ምንም አልመጣም። እግሮቹ አንድ በአንድ ወረዱ። አባቴ አጠገቡ ላሉት፣ ቦዩን እንዴት እንዳቀደው፣ የመሬት አቀማመጥ ማወቅ ለቤት እድሳት እንዴት እንደሚጠቅም ያስረዳ ነበር። «ልጄም ረድታኛለች» አለ። «መሰላል ይዛልኛለች።» ለቦይ መሰላል ምን እንደሚያደርግ የጠየቀው አልነበረም።

እማሆይ ጽዋውን ይዘው ፊቱ ቆሙ። «መምህር፣ አምና አብረዋችሁ የመጡት እንግዶች ዘንድሮ ቀሩብኝ። ደህና ናቸው?»

አባቴ ወደ ጫማው አየ። ደረቅ ነበር።

«ደህና ናቸው እማሆይ» አለ። «ዘንድሮ በፊት ለፊት ነው ያለፉት።»