የኔሙ ሁለት ጭስ ማውጫዎች

ማይዙሩ ዝናብ የሚውልባት፣ ዝናብ የሚያድርባት ወደብ ናት። ምሳህን ርሳ፣ ጃንጥላህን ግን አትርሳ ይባልባታል። ጊሳኩ በዚያ ዝናብ ሥር፣ በመርከብ መሥሪያው ውስጥ፣ ዕድሜውን ሁሉ ብረት ሲያጎብጥ ኖረ። አጥፊ የሚባለው የጦር መርከብ አፍንጫ ማዕበሉን የሚከፍልበትን ላሜራ በእሳት ያግላል፣ ውኃ ያርከፈክፍበታል። ላሜራዋም እንደ ሙሽራ ቀስ ብላ አንገቷን ትደፋለች። ሲሠራም ያንጎራጉር ነበር፦

ጎንበስ በይ ብረቴ፣ ማዕበል እንዲያልፍሽ፤
የሰው ልጅ አዝለሻል፣ እናት እንዳትከስሽ።

ያን ጊዜ የመርከቦቹ ስም ራሱ ዘፈን ነበር፤ ነፋስ፣ በረዶ፣ ጨረቃ፣ የንጋት ጉም። ጦርነቱ ሲከፋ ግን የሚሰጥመው ከሚሠራው በለጠ። ትእዛዝ ወረደ፤ ከእንግዲህ ማጎበጥ ብሎ ነገር የለም፣ ላሜራው ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ፣ በብየዳ ይጋጠም፣ ቶሎ ባሕር ይግባ። ስማቸውም የዛፍ ስም ሆነ። ከነዚያ አንዷ ኔሙ ተባለች። ኔሙ ሲመሽ ቅጠሉን አጥፎ የሚተኛ ዛፍ ነው። ጊሳኩ ሥራ የፈታ እጁን አጣጥፎ ቆሞ አያት።

«ይቺ የሩዝ ሣጥን እንጂ መርከብ ናት?» አለ።

«ሩዙ የታል ታዲያ?» አለው አጠገቡ የቆመ በያጅ።

ሣጥኗ አንድ ልጁን፣ ኢዋኦን፣ ወሰደችበት። የጎረቤቱን የኦሪዮንም ልጅ ታሜጂን ጨመረች። ኦሪዮ ባሏ የሞተባት፣ በመርከብ መሥሪያው ወጥ ቤት የምትሠራ ሴት ናት። በስንብቱ ማታ አራቱም አንድ ላይ የስኳር ድንች ገንፎ በሉ።

«አባዬ፣ መልኳን ተወውና ሆዷን ስማ» አለ ኢዋኦ። «በድሮዎቹ ቦይለሩ ሁሉ አንድ ጋ፣ ሞተሩም ሁሉ አንድ ጋ ነው። አንድ ቶርፔዶ ከገባ አለቀ። ኔሙ ግን ከፊት አንድ ቦይለር ከነሞተሩ፣ ከኋላ ሌላ ቦይለር ከነሞተሩ አላት። አንዱ ቢመታ በሌላው ቤታችን እንገባለን። ጭስ ማውጫዎቿም የተራራቁት ለዚህ ነው።»

«አንተ የትኛው ላይ ነህ?»

«የፊተኛው ላይ። ታሜጂ የኋለኛው ላይ።»

«እሱ ቀድሞ ወደብ ይገባል፣ እኔ ጭሱን እየበላሁ እከተለዋለሁ» አለ ታሜጂ። ኦሪዮ በማንኪያዋ ትከሻውን መታ አደረገችው።

ልጁ ይህን ያወራው አባቱን ሊያጽናና ነበር። በጊሳኩ ጆሮ የቀረችው ግን «አንዱ ቢመታ» የምትለዋ ብቻ ናት። ልጆቹ ከሄዱበት ቀን ጀምሮ ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሻይ ሲይዝ ግማሹ መሬት ይጠጣዋል።

«ጋሽ ጊሳኩ፣ ዱቄት ላምጣልዎት እንዴ?» ትለዋለች ኦሪዮ። «እጅዎ ያለ ወንፊት ይነፋልኛል።»

ይስቃል። ብቻውን ሲሆን ግን ልቡ ክፉ ጸሎት ያመጣበታል፤ መመታቷ ካልቀረ የኋለኛው ይሁን። ከዚያ በራሱ ያፍራል፤ በማግስቱ ኦሪዮን ቀና ብሎ ማየት ይከብደዋል።

ክረምቱ እየገፋ ሳለ፣ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ኔሙ ወደ ጎኗ አዘንብላ እያነከሰች ወደ ወደቡ ገባች። ሠራተኛው ሁሉ ዝናቡ ላይ ወጥቶ አያት። ኦሪዮ ጃንጥላዋን ይዛ ከወጥ ቤት ሮጣ መጣችና ከጊሳኩ ጎን ቆመች።

«ጋሽ ጊሳኩ፣ እኔ ዓይኔ ሩቅ አይደርስም። የትኛው ነው የሚጨሰው?»

የፊተኛው ይጨሳል። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ሕያው ጭስ ነው። የኋለኛው አፉን ከፍቶ ዝናብ ይጠጣል።

«ጉሙ ነው መሰለኝ፣ እትዬ ኦሪዮ። ገና አልለየልኝም።»

«ይለይልዎታል። እጠብቃለሁ።»

መርከቧ ቀረበች። ኦሪዮ ግን ባሕሩን ማየት ትታ ነበር፤ ወደ ታች፣ ወደ እሱ ቀኝ እጅ ታያለች።

«እጅዎ መንቀጥቀጡን ተወ» አለችው ቀስ ብላ።

አጎንብሶ አየው። እውነትም እንደ ቀዘቀዘ ብረት ጸጥ ብሏል። እንደገና እንዲንቀጠቀጥለት በልቡ ለመነው፤ እጁ እምቢ አለው።

ይንቀጠቀጥ የጀመረው ጃንጥላዋ ነው። ጊሳኩ ከእጇ ተቀብሎ በላይዋ ያዘላት።

«ታሜጂ እኮ» አለ፣ «ከኋላ ላይሆን ይችላል፤ ከልጅነቱም አንድ ቦታ አይቀመጥም።»

«አይቀመጥም» አለች።

መርከቧ ወደምትቆምበት፣ በአንድ ጃንጥላ፣ አብረው ወረዱ።