የጋሽ ቀብዱ አሥራ አንድ ክዳኖች

ጎማ ጠጋኙን ሰው ሁሉም የሚያውቀው ጋሽ ቀብዱ በሚል ስም ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ሾፌሮች ናቸው የለጠፉበት፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲለጥፍ የኖረን ሰው እነሱም በተራቸው ለጠፉበት እንግዲህ።

ስሙ የመጣው ከአሠራሩ ነው። ምስማር የወጋው ጎማ ሲመጣለትና ባለመኪናው ሲቸኩል፣ ጎማውን ከቸርኬው ሳያወልቅ ማጣበቂያ የተቀባ የጎማ ገመድ በቀዳዳው ውስጥ ይከትና፣ ትርፉን ቆርጦ፣ አየር ሞልቶ ይሸኘዋል። ይህ ግን በእሱ ዓይን ቤት እስኪደርሱ ድረስ የሚሆን ነገር ነው። ጥገና የሚባለው ጎማውን አውልቆ፣ ሆዱን በእጅ ዳብሶ፣ የተደበቀ ጉዳት አለመኖሩን አይቶ፣ ከውስጥ መለጠፍ ነው። ችግሩ፣ ገመድ የተከተተለት ሾፌር ጎማው አየር እስከያዘለት ድረስ ዓመት ቢያልፍም ዞር ብሎ አያይም። «ነገ እመጣለሁ» ይላል፤ ነገ ደግሞ የማያልቅ ቀን ነው።

ስለዚህ ጋሽ ቀብዱ መያዣ መያዝ ጀመረ። ከጎማው ቫልቭ ጫፍ ላይ ያለችውን የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ክዳን ይፈታና፣ ግድግዳው ላይ በተርታ ከመታቸው ምስማሮች በአንዱ ላይ ይሰካታል። «ለዋናው ሥራ ስትመጣ ትወስዳታለህ» ይላል፣ ጭንቅላቱን እንኳ ቀና ሳያደርግ። ይህን ማድረግ ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ደግሞም ይመለሱ ነበር። ሰው ለሕይወቱ ሲባል የማያደርገውን፣ ለጎደለችበት ትንሽ ነገር ሲል ያደርገዋል ብሎ ያምን ነበር ጋሽ ቀብዱ። በዚህ እምነቱ ላይ ትንሽ ኩራትም ነበረችበት። እንግዳ ሲመጣ ምስማሮቹን ማሳየት ይወድ ነበር።

የሚሠራበት ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ አንድ ክፍል ነው። መሐሉ ላይ በርሜል ለሁለት ተሰንጥቆ የተሠራ የውኃ ገንዳ አለ። ጥግ ላይ አሮጌ ኮምፕሬሰር ቆሟል፤ ሲነሳ እንደ አስም በሽተኛ ስለሚያቃስት ጋሽ ቀብዱ «አይዞህ፣ አይዞህ» ሳይለው አይውልም። ከግድግዳው ማዶ የባለቤቱ የስፌት ቤት ነው። ግድግዳው ላይ መጽሐፍ የምታህል ቀዳዳ መስኮት አለች። በዚያች መስኮት ሻይ ይተላለፋል፣ ክርክርም ይተላለፋል። ባለቤቱ የልብስ ስፌት መኪናዋን እየረገጠች፣ እዚህኛው ክፍል የሚባለውን ሁሉ ስለምትሰማ፣ ሾፌሮች ነገር ሲያጋንኑ ከማዶ «ውሸት!» የሚል ድምፅ ይመጣባቸዋል።

በሥራው ቀልድ አያውቅም ማለት አይቻልም፤ ይቀልዳል፣ ግን ነጥብ አይለቅም። ጎኑ የተወጋ ጎማ ይዞ የመጣ ሰው ቢለምነው ቢያለቅስበት አይጠግንለትም፤ የጎማ ጎን እየታጠፈና እየተዘረጋ ስለሚሄድ ምንም ነገር አይይዝበትምና። አንዴ አንድ ሰው ጥርሱ ያልተነካ ጎማ ይዞ መጥቶ አዲስ ነው ብሎ ሲከራከረው፣ ጎኑ ላይ የተጻፉትን አራት ቁጥሮች በጣቱ አሳየው። የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። «ጥርሱ ሙሉ ስለሆነ ወጣት መሰለህ?» አለው፤ የራሱን ያልወለቁ ጥርሶች እያሳየ። «እኔንም እየኝ እስቲ።» ሰውየው ስቆ አዲስ ጎማ ሊገዛ ሄደ።

ታዲያ ይህ ሰው አንድ ቃል ነበረችው። ወጣት ሳለ የተናገራት፣ እየደጋገመ ሕግ ያደረጋት ቃል፦ «እኔ የከተትኩት ገመድ አየር ያስተነፈሰ ዕለት እጄን ታጥቤ ቤቴ እገባለሁ።» ስድሳ ሰባት ዓመት ሞላው፤ ቃሉን የሚፈትን ቀን ግን መጥቶ አያውቅም ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ባለወተቷ መጣች። ባለወተቷ ከዳር ካሉት ከብት አርቢዎች ወተት እየሰበሰበች ወደ ማቀዝቀዣ ቤት የምታደርስ ሾፌር ናት። ፈጣንና ቁጥብ፣ ቃሏን እንደ ወተቷ ሳትቀላቅል የምትሰጥ ሴት ናት። የኋላ ጎማዋ መሐሉን በምስማር ተወግቷል። ከውስጥ የሚለጠፈው ልጥፍ አልቆ ነበር፤ አቅራቢው ደግሞ የሚመጣው በሳምንቱ ነው። ስለዚህ ገመድ ከተተላት። በዝግታ እንድትነዳ፣ ጭነት እንዳታበዛ፣ ጠዋት ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ አየሩን እንድትለካ ነገራት። ክዳኗን ፈትቶ ምስማሩ ላይ ሰካ። አሥራ አንደኛዋ ክዳን ነበረች።

በሦስተኛው ቀን ተመልሳ መጣች። ጎማው ረግቧል። ጋሽ ቀብዱ ነገሩን አላመነም፤ ቢሆንም ተቀያሪ ጎማዋን ገጥሞላት ያንን አስቀረው። አየር ሞላ። ጎማ ወደ ውኃ ከማስገባቱ በፊት ሁልጊዜ እንደሚያደርገው፣ ውኃ ወደ ቫልቩ እንዳይገባ ክዳኗን ከምስማሩ አንሥቶ አጠበቀ። ከዚያ ገንዳው ውስጥ ነክሮ ቀስ እያለ አዞረው። አንዲት አረፋ እንኳ አልወጣችም። ጎማው እዚያው አደረ፤ ጠዋት ሲለካው አየሩ ትናንት እንደነበረ ነው። መልሶ ገጠመላትና ክዳኗን ፈትቶ ወደ ቦታዋ መለሳት። የምትለኪበት መሣሪያ ሳይበላሽ አይቀርም ብሎ ሸኛት። እሷም «ይሆናል» ብላ ሄደች።

ከሁለት ቀን በኋላ ጎማውን ከመኪናዋ ኋላ ጭና መጣች። መንገድ ላይ ጨርሶ ተኝቶባት፣ ወተት እንደጫነች ክሪክ አስገብታ ራሷ ቀይራዋለች። እጇ እስከ ክርኗ ድረስ አቧራና ቅባት ነው። በሩ ላይ ተራ የሚጠብቁ ሁለት ሦስት ሾፌሮች ነበሩ። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር። ጠጋ ብላ፣ አባቷን እንደምታናግር ሆና፣ «ጋሼ፣ አትቀየመኝ» አለችው። «እጅህ ደክሞ ይሆን?»

 የጋሽ ቀብዱን ቃል ሾፌሮቹ ሁሉም ያውቋታል፤ ማንም ግን ሊያነሣት አልፈለገም። ያነሣት እሱ ራሱ ነው። «ብዬ ነበር» አለ። «ያልኩትን ታውቃላችሁ።» ከዚያ ጎማውን ተቀብሎ፣ እሷን በተቀያሪው እንድትሄድ ነግሮ፣ ለሾፌሮቹ ዛሬ ሥራ የለም አላቸው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ያያቸው ጀመር። ሰው ፊቱን በመስታወት እያየ ያረጃል፤ እጁን ግን ሁልጊዜ ሥራ ላይ ስለሚያየው ማርጀቱን አያስተውልም። ጋሽ ቀብዱ በዚያች ቅጽበት እጆቹን ሥራ ፈት ሆነው ሲያያቸው የሌላ ሰው እጆች መሰሉት። ቤት ቢገባ ምን ያደርጋል? ጠዋት ተነሥቶ ወዴት ይሄዳል? የሚያስፈራው ድካሙ አልነበረም፤ ማንም የማይጠብቀው ሰው መሆን ነበር።

ከማዶ ያለው የስፌት መኪና ድምፅ ቆመ። ባለቤቱ ሁሉንም ሰምታለች። እሱ ደስ ይላታል ብሎ ነበር የጠበቀው፤ ለዓመታት «ይብቃህ፣ ወገብህን እየው» ስትለው ኖራለችና። እሷ ግን ክር አንገቷ ላይ እንደተጠመጠመ በዋናው በር ዞራ መጣችና ጎማውን እያየች ቆመች።

«እስቲ ሙላውና ልየው» አለች።

«ምኑን ታይዋለሽ? ሁለቴ አየሁት እኮ።»

«አንተ ያየኸውን ሳይሆን እኔ የማየውን ነው ያልኩት።»

ለመጨቃጨቅ እንኳ ጉልበት ስላጣ ሞላላት። ገንዳ ውስጥ ለመንከር ልቡ አልሰጠውም፤ ስለዚህ ክዳኗንም አላነሣት። ጎማውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ኮምፕሬሰሩን አጠፋ። የስፌት መኪናው ቆሟል፣ ኮምፕሬሰሩ ቆሟል፣ ሾፌሮቹ ሄደዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ክፍል እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ ቀጭን፣ በጣም ቀጭን «ስስስ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ጋሽ ቀብዱ በጉልበቱ ተንበረከከ። ጆሮውን ገመዱ ወደተከተተበት ቦታ አስጠጋ። ከዚያ አልነበረም። ጎማውን ቀስ ብሎ ሲያዞረው ድምፁ ወደ ቫልቩ ሄደ። ጣቱን ምራቅ አስነክቶ የቫልቩን አፍ ቀባ። ምራቁ አበጠ፤ የስንዴ ቅንጣት የምታህል አረፋ ሆኖ ፈነዳ። እንደገና አበጠ።

ነገሩ ሁሉ አንድ ላይ ገባው። የባለወተቷ መንገድ አስፋልት አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ አቧራ ነው። ክዳን የሌለው ቫልቭ አቧራውን እየዋጠ፣ የውስጡ መርፌ በደንብ ሳይዘጋ ይቀራል፤ ቀስ እያለም ይተነፍሳል። እሱ ደግሞ ሊመረምር ሲል ክዳኗን ያጠብቅባታል፤ በሽታውን ራሱ ከድኖ በሽታ ይፈልጋል። ገመዱ ንጹሕ ነው። እጁም ደህና ነው። ያስተነፈሰው መያዣው ነበር።

ለባለቤቱ ነገራት። እሷም ግድግዳው ላይ የተሰለፉትን ክዳኖች፣ ከዚያም እሱን አየችና ሳቀች፤ ዓይኗን በቀሚሷ ጠርዝ እስክትጠርግ ሳቀች። መጀመሪያ ሊቆጣ አስቦ ነበር። ሳይታወቀው እሱም ሳቀ።

በማግሥቱ አቅራቢው ልጥፉን አመጣ። ጋሽ ቀብዱ የባለወተቷን ጎማ አውልቆ ከውስጥ ለጠፈው፤ የቫልቩን መርፌ በአዲስ ቀየረ፤ ክዳኑንም ራሱ አጠበቀ። ስትመጣም ሾፌሮቹ ባሉበት ሁሉንም ሳያስቀር ነገራት። ጥፋቱ የገመዱ ሳይሆን የአሠራሩ እንደነበረ፣ ወተቷንም ያዘገየው እሱ እንደሆነ ነገራት። ከዚያ የከነከነውን ጠየቃት። ያን ሁሉ ቀን በዚያ አቧራ ስትመላለስ፣ ሌላ ክዳን ፈልጋ ለምን አላደረገችም?

ባለወተቷ ጥያቄው ገረማት። «መያዣ ነዋ የሰጠሁህ፣ ጋሼ። ሌላ ካደረግኩበትማ ምኑን መያዣ ሆነ?»

ይህን ሲሰማ ረጅሙ የሚሉት የታክሲ ሾፌር ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሌሎቹም መሬት መሬት አዩ። ጋሽ ቀብዱ ነገር እንዳለ ገባው። ቀሪዎቹን አሥር ክዳኖች ከምስማሮቹ ነቅሎ በኪሱ አደረገና ወደ ታክሲ ተራው ሄደ። ገመድ ከተከተተላቸው መኪኖች ስድስቱ እዚያ ቆመው አገኛቸው። ጎማዎቹን አንድ በአንድ ጎንበስ ብሎ አየ። አንዱ ቫልቭ ላይ የብስክሌት ክዳን አለ። ሌላው ላይ የእስክሪብቶ ክዳን። ሦስተኛው በላስቲክ ተጠቅልሎ በክር ታስሯል፤ ክሩንም አወቀው፤ የባለቤቱ የስፌት ክር ነበር። የረጅሙ መኪና ላይ ደግሞ አዲስ የሚያብረቀርቅ ክዳን አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ።

«ኧረ ሁልጊዜም» አለ ረጅሙ። «ከአንተ በር ወጥተን ጥጉን ስንዞር ነው የምናደርገው። አባቴም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው።»

«እና ለምን አትነግሩኝም?»

ረጅሙ ጭንቅላቱን አከከ። «እነዚያን ምስማሮች ለእንግዳ ስታሳይ አይተንህ ማን ይነግርሃል?»

ጋሽ ቀብዱ ክዳኖቹን በኪሱ ውስጥ እያሻሸ ቆመ። ካሰበው ሁሉ የከበደው ይህ ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሰዎችን ያስመለሰው ያ መያዣ፣ መያዣ ሆኖ አያውቅም ማለት ነው። «ታዲያ ለዋናው ጥገና ለምን ትመጡ ነበር?»

«ከተማውን ዙር፤ ለእኔ ጎማ እንዳንተ የሚጨነቅ ሰው አላገኘሁም» አለ ረጅሙ፤ ነገሩ ግልጽ አይደለም ወይ በሚል አኳኋን። «አንድ ሰው እየተጨነቀ እንዴት ትቀራለህ?»

ጋሽ ቀብዱ ጎንበስ ብሎ የእስክሪብቶውን ክዳን ነቀለና እውነተኛውን አጠበቀበት። ላስቲኩንም ፈታ። ስድስቱን ጨርሶ፣ አራቱን ለባለቤቶቻቸው እንዲያደርስ ለረጅሙ ሰጠው። እንዲህ ያለ ሽንፈት ለሰው ብዙ ጊዜ አይገጥመውም። አንድ ኩራቱን ወስዶበት፣ በምትኩ ሊጠይቀው ያልደፈረውን ነገር ነገረው፤ ሾፌሮቹ ይጠብቁት ነበር።

ሲመለስ የስፌት መኪናው እየጮኸ ነው። በመስኮቷ አንገቱን አስገባ።

«የእኔን ክር አይቻለሁ» አላት።

ባለቤቱ ቀና አላለችም። «ሾፌሩ ለምኖኝ ነው። እምቢ ልበል?»

«ከእነሱ ጋር ሆነሽብኛል።»

«ሌላ ምን ልሁን፣ ያንተ ጎማ ይተንፍስ?» ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «እሱን ተወውና፣ ቤት ልትገባ ነበር፤ ትገባለህ ወይስ አትገባም?»

ጋሽ ቀብዱ አሰበበት፤ ቃሉን በሕግ እንደሚተነትን ሰው አሰበበት። ያለው፣ የከተትኩት ገመድ ሲያስተነፍስ ነው። ገመዱ አላስተነፈሰም። ስለዚህ ቃሉ እንደተጠበቀ ነው፤ የሚገባበትም ምክንያት የለም። «አልገባም» አላት።

«ደግ አደረግህ» አለች። «ምክንያቱም እኔም ቤት ውስጥ ቦታ አላዘጋጀሁልህም ነበር።»

ውጭ አንድ መኪና ጥሩምባ ነፋ። አንድ ሰው ጎማው ተኝቶበት፣ በቸርኬው እየተንቀጫቀጨ ይገባ ነበር። ጋሽ ቀብዱ ሰውየው ከመውረዱ በፊት፣ በተነፈሰ ጎማ ስለነዳ ሊቆጣው እጁን ከፍ አድርጎ ወጣ።