የሚነዝረው የሊጥ ማቡኪያ

ባለፈው ሳምንት አንዲት አዲስ ሠራተኛ፣ በመሥሪያ ቤታችን ያለው የውኃ ማፍያ ሲነኩት ትንሽ እንደሚነዝር፣ እሷ ግን እንደለመደችው ሳቅ ብላ ነገረችኝ። ወዲያው ነቅዬ አስወገድኩት። ከሰዓት በኋላ ግን ሥራ አልያዝልኝ አለ፤ ሐሳቤ ግሮሩድ በሚባል የኦስሎ ሰፈር ወደነበረች አንዲት ትንሽ ዳቦ ቤት ሄደ።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ኦስሎ ተወልጄ ያደግሁ የሃያ አንድ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ በቪካርነት፣ ሰው ሲጎድል እየተጠራሁ፣ እዚያ እሠራለሁ። ጥቅምት ላይ በአቅራቢያው ያለው ጫካ ቢጫ ለብሶ፣ መንገዱ በረገፈ እርጥብ ቅጠል ያንሸራትት ነበር። በሩን ስከፍት የሄልና የቅቤ ሽታ ያለው ሙቀት ይቀበለኛል።

ሊጡን የሚያቦኩት እትዬ አስቴር ነበሩ፤ ከእናቴ ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚዘምሩ፣ ረጋ ያሉ ሴት። ማቡኪያው ማሽን ይነዝራቸዋል። ለአለቃችን ሁለት ጊዜ ቢነግሩት እናያለን ብሎ ተወው። እሳቸውም እጃቸውን በደንብ አድርቀው መንካት ለመዱ። እኔም ይጠንቀቁ ከማለት ያለፈ አላደረግሁም።

አንድ ጠዋት ወለሉ ታጥቦ ገና ሳይደርቅ ማሽኑን ያዙት። ድምፅ አላሰሙም። ፊታቸው ብቻ ተለወጠ፤ እጃቸው ከብረቱ አልላቀቅ አለ። ልይዛቸው እጄን ከዘረጋሁ በኋላ ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በእጅ እንዳንነካ ትምህርት ቤት የተማርኩት ትዝ አለኝና ሮጬ ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀልኩት። ተንሸራተው ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ አንቺን አልነካሽም?» አሉኝ።

አለቃችን ሐኪም ዘንድ አደረሳቸው፤ ልባቸው ተመርምሮ ደህና ሆነ። ተመልሶ መጥቶ ግን የደንበኞች የዳቦ ትእዛዝ ስላለብን አንድ ዙር ብቻ እናቡካ አለ። ቪካር ነኝ፤ ነገ ባይጠራኝ ለምን የሚለው የለም። ሶኬቱ ፊት ቆምኩ።

«ኔይ፣ አይሆንም። ባለሙያ ሳያየው ማንም አይሰካውም» አልኩት በኖርዌይኛ።

ስልኩን አውጥቶ ባለሙያ ጠራ። የመጣው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከመነዘር የሚጠብቀው የመሬት ሽቦ መበጠሱን አሳየን፤ አለቃችን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እትዬ አስቴር አርፈው ሲመለሱ አዲስ ማሽን ቆያቸው፤ አለቃችንም ሁላችን ፊት ይቅርታ ጠየቃቸው። እኔንም መጥራቱን አልተወም።

እትዬ አስቴር ዛሬ ጡረታ ወጥተው ላምበርትሴተር በሚባል ሰፈር ይኖራሉ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ክንዴን ይዘው፣ ስለ ልጅ ልጆቻቸው እያወሩኝ እስከ ባቡር ጣቢያው ቀስ ብለን እንሄዳለን። ያን ጠዋት ሥራዬን እንዳላጣ ነበር የፈራሁት። ላጣው የነበረው ይህን የእሑድ መንገድ መሆኑ የገባኝ ብዙ ቆይቼ ነው።