ከቆዳ በታች የሚሰማ ወንዝ

ድሬሰር አያና በአሰበ ተፈሪ ክሊኒክ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሠራ የታወቀው በአንድ ረጅም መርፌ ነበር። ጉበታቸው መግል የቋጠረ ሰዎች ከሂርናም ከመቻራም በበቅሎና በቃሬዛ ይመጡለታል፤ እሱም በጎድን አጥንታቸው መካከል ወግቶ መግሉን ይቀዳል። አብዛኞቹ በእግራቸው ተመልሰዋል።

በ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. በአንድ የጥቅምት ጠዋት፣ ጉሙ ከተራራው ሳይነሣ፣ የሂርናዋ ጫት ነጋዴ ዘይቱና ከወንድሟ ከጂብሪል ጋር መጣች። አርባ ዓመት ይሆናታል። በቀኝ ጎኗ እብጠት አለ፤ በላዩም ወጌሻ በጋለ ብረት የተኮሳት ሦስት ክብ ጠባሳ። ዳገት ስትወጣ ልቧ እንደሚመታ፣ ትንፋሿም እንደሚያጥር ነገረችው። ትኩሳት ግን አልነበራትም።

አያና መርፌውን ቀቅሎ አዘጋጀ። ከመውጋቱ በፊት ጆሮውን በበሽተኛው ጎን ላይ መለጠፍ ልማዱ ነው፤ ለምን እንደሆነ ሲጠይቁት እጄ እስኪረጋ ነው ይላል። መግል ድምፅ የለውም።

ይህ ግን ነበረው። ከቆዳዋ በታች፣ ከሩቅ ሸለቆ እንደሚሰማ ወንዝ፣ አንድ ነገር ይፈሳል፤ ከልብ ምቷ ጋር ይጎላል፣ ይደክማል፣ መልሶ ይጎላል። አያና ዓይኑን ጨፈነ። የኖራው ግድግዳ፣ በሩ ላይ የቆመው ወንድሟ፣ የጠዋቱ ብርሃን ቀስ እያሉ ከእሱ የራቁ መሰለው። ቀና ሲል ምን ያህል እንደቆየ አላወቀም።

መግል ከሆነና ካልቀዳው ትሞታለች። ደም ከሆነና ከወጋው እዚያው አልጋ ላይ ትሞታለች።

መርፌውን በጨርቅ ጠቀለለ።

ጂብሪል፣ ሰው ሁሉ በአንድ ውግታ ሲድን የእኛዋ ምን አደረገችህ ብሎ አጉረመረመ። "ወላሂ፣ እጄ አርጅቷል በለንና ሌላ ሰው እንፈልግ።"

"ይህ መግል አይደለም፣ የተወሳሰበ የደም ሥር ነው" አለ አያና። "ከወጋሁት ደሙን አላቆመውም። አዲስ አበባ የሚያቆም ሰው ይኖራል።"

ዘይቱና ተነሥታ ቀሚሷን አስተካከለችና፣ ባቡሩ በሚኤሶ የሚያልፈው በየትኛው ቀን እንደሆነ ጠየቀች።

አዲስ አበባ አንድ ሐኪም ሆዷን ከፍቶ፣ ወደ እብጠቱ ደም የሚወስደውን ሥር አሰረው።

በየካቲት ተመለሰች፤ የክሊኒኩን ዳገት ሳታርፍ ወጣችው። ጂብሪል የአያናን ትከሻ ሳመና ተቀመጠ። አያና የስፌቱን መስመር በጣቱ ተከተለው። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ተከፍቶ የታየ ጉበት አጋጥሞት አያውቅም። ሥሩ ምን ያህል እንደሚወፍር፣ መልኩ ምን እንደሆነ፣ ሐኪሞቹ ሲያስሩት ምን እንደተባባሉ በየተራ ጠየቃት።

"አንተ ሰውዬ፣ ተኝቼ ነበር እኮ" አለችው እየሳቀች።