ቀምሰነው የማናውቀው ሥር

ልጅ ሳለሁ፣ ከጊዮርጊስ ቁልቁል በሚገኘው የጋራ ግቢያችን መብራት ሲጠፋ እኛ ልጆች ደስ ይለን ነበር፤ ያኔ አያቴ፣ አባባ፣ ፋኖሳቸውን አንጠልጥለው ይወጡና በረንዳው ላይ፣ ፍም ከሞላው ምድጃ አጠገብ ተቀምጠው ተረት ይነግሩናል። ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ፣ የወሎው ልብስ ሰፊ፣ ሻዩን ይዞ ይመጣና ዝም ብሎ ያዳምጣል። ሁለቱ ከቤታችን ጀርባ ያለችውን ጠባብ ጓሮ አብረው ያለሙ ነበር።

አንድ ዓመት አጎቴ ለሥራ ውጭ አገር ሄዶ ሲመለስ ሁለት ፓኬት ዘር አመጣ። ፓኬቶቹ ላይ ካሮት የሚመስል፣ ግን ነጭ የሆነ ሥር ተስሏል። «ፓርስኒፕ ይባላል» አለ አጎቴ። ስሙ አባባን አልያዝ ስላላቸው «ነጩ ካሮት» አሉት፤ በዚያው ጸና። አንደኛው ዓይነት ረጅምና ቀጭን፣ ሌላኛው አጭርና ወፍራም ነበር። ጓሯችን ግን የምትበቃው ለአንዱ ብቻ ነው። አባባ ረጅሙን መረጡ። ጋሽ ሰይድ አጭሩን።

በዚያ ሰሞን መብራት ሲጠፋ የአባባ ተረት ጀግና ረጅም ሥር ሆኖ መጣ፤ በድርቅ ዘመን ሌሎቹ ሲጠወልጉ፣ እሱ አይጡን ሰላም እያለ፣ ትሉን መንገድ እየጠየቀ ወደ ታች ወርዶ ምንጭ ጠጣ። ይሄኔ ጋሽ ሰይድ ሻዩን አስቀመጠ።

«ተረት ተረት!» አለ፤ እሱ ተረት ሲናገር ሰምተን አናውቅም።

«የመሠረት!» አልን።

በእሱ ተረት ረጅሙን ሥር የጓሮው ባለቤት ለሠርግ ሊነቅለው ሲስበው ወገቡ ተቀነጠሰ፤ አናቱ ሠርግ ቤት ሲገባ እግሩ ከመሬት በታች ቀርቶ «ኧረ እኔንም ጥሩኝ!» ይላል። ጋሽ ሰይድ ያንን በቀጭን ድምፅ ሲጮኸው በሳቅ ፈረስን። አባባ ግን ፋኖሱን አነሡና ገቡ።

ከዚያ ወዲያ መብራት ቢጠፋም ተረት የለም። አባባ «አሞኛል» ይላሉ፤ ጋሽ ሰይድ ሻዩን ቤቱ ይጠጣል። ክረምቱ እየገባ ዘሩ ከነፓኬቱ ተቀምጧል። አንድ ማለዳ ሁለቱ ጓሮው ዳር ተኳርፈው ቆመው ሳገኛቸው ብሶቴ ገነፈለ።

«አባባ፣ ለመሆኑ ይሄ ሥር ምን ምን ይላል?»

አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሱን... ሰይድ ይንገርሽ።»

«እኔ የት አውቄው ጋሼ? እርስዎ የቀመሱት መስሎኝ!»

አባባ ኮስተር ለማለት ሞከሩ፤ ትከሻቸው ግን ከዳቸው። ጋሽ ሰይድ አጥሩን ይዞ እስኪያስል ድረስ ተያይዘው ሳቁ። ወዲያው መቆፈር ጀመሩ፤ ዶማው ብዙም ሳይጠልቅ ከድሮ ቤት መሠረት ድንጋይ ጋር ተጋጨ። አጭሩ ተዘራ።

ወራት ቆይቶ ሲደርስ ተቀቀለ። አባባ ቀስ ብለው አላመጡ። «ደህና ነው» አሉ፤ «ረጅሙ ግን ይሻል ነበር።»

በዚያ ምሽት መብራት አልጠፋም፤ ራሳቸው አጠፉት። አንዱን ተረት በሁለት አፍ ያወሩልን ጀመር፤ አባባ ረጅሙን ሥር ወደ ምንጩ ሲያወርዱት ጋሽ ሰይድ ድንጋይ ይጋርጥበታል፣ አባባ በጎን ሲያዞሩት ጋሽ ሰይድ ሌላ ድንጋይ ያመጣል፤ እኔ ግን ፍሙ እየከሰመ፣ የፋኖሱ ጭስ ዓይኔን እየቆጠቆጠኝ፣ ምንጩ ጋ ሳይደርስ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሁለቱም ዛሬ የሉም። ልጆቼ ያን ተረት ያስነግሩኝና «እና ደረሰ?» ይሉኛል። አንድ ቀን ደርሷል እላለሁ፣ ሌላ ቀን አልደረሰም። አልጋቸው ውስጥ በዚህ ሲጨቃጨቁ ከበሩ ኋላ ቆሜ አዳምጣለሁ፤ ላስታርቃቸው ግን አልቸኩልም።