ውሃ የጠማው የመሰለን ቲማቲም

አንድ የሚያዝያ ቀትር ላይ... አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ አልወሰደኝም ስል፣ የግቢያችን ሰዎች በመስኮቱ ሲያልፉ አየሁ። አንድ በአንድ ነው የሚመጡት። ኮቴያቸው አይሰማም። ሁሉም ውሃ ይዘዋል፤ ሁሉም ወደ ቲማቲሞቼ ነው የሚሄዱት።

ሕልም መሰለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመቀሌ ወጣ ብሎ ቁሓ ያለችው ታላቅ እህቴ ከታመመች ወዲህ ምግብ አልወርድላት ብሏል። አንድ ቀን ግን «የእናታችን ጓሮ ቲማቲም ቢሆን እበላ ነበር» አለችኝ። የዚያን ቲማቲም ዘር በጨርቅ ቋጥራ ያቆየችው እሷው ናት። የቀረው ስድስት ፍሬ ብቻ ነበር። አምጥቼ በግማሽ በተቆረጡ ቢጫ ጀሪካኖች ዘራሁት። ስድስቱም በቀሉ። ሌላ ዘር የለም።

አበባ ሊያወጡ ሲሉ ቅጠላቸው ወደ ላይ መጠቅለል ጀመረ...

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከሱቅ መጠቅለያ ነው። በርበሬ የተቋጠረበትን ብጫቂ ወረቀት አራግፌ አነባለሁ፤ ደስ ያለኝን ደብተር ላይ እለጥፋለሁ። ደብተሩን ሳገላብጥ አንዱን አገኘሁ። «የቲማቲም ቅጠል ሳይገረጣና ተባይ ሳይኖርበት ወደ ላይ ከተጠቀለለ፣ ምክንያቱ የውሃ...» ይላል። ከዚያ ወዲያ ተቀዷል።

ቅጠሉን እየገለበጥኩ አየሁ። ተባይ የለም። አልገረጣም። ወረቀቱን ለጎረቤቴ ለአደይ ግደይ አነበብኩላቸው።

«እጥረት ነዋ፣ ጓለይ!» አሉኝ። «መቀሌ ተቀምጠሽ የውሃ ሌላ ምን ሊሆን ነው?»

ከወሎ መጥቶ ልብስ የሚነግደው ሰይድ ከክፍሉ በር ላይ ሆኖ ሳቀ። «እታለም፣ እኛም እኮ መጠቅለላችን ነው!»

ቧንቧው ውሃ ካየ ቀናት ሆኖታል። አከራያችን አቦይ ሐጎስ በርሜላቸውን በቁልፍ ዘግተዋል። እኔም ከምታጠብበት እየቀነስኩ በየቀኑ አንድ አንድ ጣሳ ሰጠኋቸው። ቅጠሉ ባሰበት... እንደ ቆዳ ድርቅ አለ። የታችኞቹም መርገፍ ጀመሩ።

እንግዲህ ያን ቀትር ነው።

መጀመሪያ አደይ ግደይ መጡ። የሻይ ብርጭቆ የሚያክል ውሃ ለስድስቱ አከፋፈሉና «ጠጡ፣ ደቀይ» አሉ፣ ልጆቹን እንደሚያባብል ሰው በሹክሹክታ። ቀጥሎ ሰይድ ውዱእ የሚያደርግበትን ማንቆርቆሪያ ይዞ መጣ። እሱ ሲሄድ ቁልፍ ሲንቃጨል ሰማሁ... አቦይ ሐጎስ! ግራ ቀኝ አዩ። ከበርሜላቸው ጣሳ ሞልተው አፈሰሱላቸው። በርሜላቸውን መልሰው ቆለፉ።

በባዶ እግሬ ወጣሁ። ሰው የለም። ፀሐይ ብቻ። ጣቴን አፈሩ ውስጥ ሰደድኩት... እስከ አንጓው ጭቃ ነው፤ የኩሬ ሽታ አለው። ሁሉም በየቀኑ ተደብቀው ሲያጠጡልኝ ሰንብተዋል። ለአሥራ ሁለት ቀን ውሃ ያላየ ግቢ ውስጥ፣ ቲማቲሞቼ እየሰመጡ ነበር። የተቀደደው ወረቀት ለካ «ብዛት» ሊል ኖሯል።

ግን ከጉሮሮው ቀንሶ የሰጠን ሰው «አታጠጣ» እንዴት ይሉታል? እኔ ደግሞ ሰው ፊት ቃል አይወጣልኝም። ሲመሽ ባዶ ጀሪካን ቲማቲሞቹ አጠገብ አስቀመጥኩና ለግቢው ሰው ሁሉ እንደ ምንም ተናገርኩ። «ለቲማቲሞቼ ያሰባችሁትን እዚህ ጨምሩልኝ። የሚጠጡበትን ቀን እኔ አውቃለሁ።»

ማንም ማንንም አላየም። «እኔን ምን አገባኝ!» አሉ አቦይ ሐጎስ።

በማግስቱ ግን ጀሪካኑ ጠዋት ግማሽ ደርሶ ነበር። የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ማድጋው የደረቀበት ሰው ከዚያው ይቀዳ ጀመር።

አፈሩ እስኪደርቅ ታገስኩ። የተጠቀለሉት ቅጠሎች እንደተጠቀለሉ ቀሩ። አዲሶቹ ግን ተዘርግተው ወጡ... እንደ መዳፍ።

ትናንት ሦስት ቲማቲም በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ በሚኒባስ ቁሓ ሄድኩ። እህቴ አንዱን ገመጠች። ዐይኗን ጨፈነች። ጭማቂው በአገጯ ሲወርድ አልጠረገችውም። ሁለተኛውንም በላች። ሦስተኛውን ለዘር ብላ ትራሷ ሥር አስቀመጠችው።

«ሓፍተይ፣ ምን ብታጠጪው ነው እንዲህ የጣፈጠው?»

«ከልክዬው ነው» አልኳት።