ካፒቴኔ ረጃፍን የወሰደ ዕለት

የባሕር ወንበዴ ታሪክ ለመፍጠር ባሕር ማየት ያስፈልጋል የሚል ካለ እኔን ይጠይቀኝ። ባሕር አይቼ አላውቅም። ማንበብ የተማርኩት ስኳር ከተጠቀለለበት የጋዜጣ ቁራጭ ነው፤ አናጢነት የተማርኩት የተሰበረ ወንበር ፈትቼ መልሼ በመግጠም ነው። አስተማሪ የሚባል ፍጥረት ደጄ ላይ አልቆመም። ታዲያ ጁባ ውስጥ፣ ኮር ዊሊያም በሚባል ሰፈር፣ አንዲት ያገሬ ልጅ በከፈተችው ምግብ ቤት፣ እኔ በሠራኋቸው ወንበሮች ላይ የተቀመጡ ሰዎች ምሳቸው እስኪቀዘቅዝ የሚያዳምጡት የኔን ካፒቴን ነበር።

ካፒቴኑ የሚኖረው ባሕሩ ጉም በሆነበት ዓለም ነው። መርከቦቹ በጉም ላይ ይሄዳሉ፤ ደሴቶቹ የተራራ ጫፎች ናቸው። ሌሎቹ ወንበዴዎች በመድፍ ሲጨራረሱ የኔው ሰው አንዲት ጥይት አያባክንም። መርከቡን ደሴቱ ጥግ ያቆምና ንጉሡን «እንቆቅልህ!» ይለዋል። ንጉሡ «ምን አውቅልህ» ካለ አለቀለት። መልሱን ካላወቀ አገር ይሰጣል፤ እኛ በልጅነታችን በጨዋታ እንደምንሰጠው ሳይሆን የምሩን፣ ከነሕዝቡ ከነከብቱ። በዚህ ብልሃት ካፒቴኑ አሥራ ሰባት ደሴት ወስዷል። ሐሳቡን ከማንም አልቀዳሁም።

ከአድማጮቼ ሁሉ የሚቀርበኝ አንድ የአገሩ ልጅ ነበር። ሾፌር ነው። በደቡብ ሱዳን ጦርነት ጊዜ ሕፃን ሆኖ ተሰዶ ጋምቤላ ካምፕ ውስጥ አደገ፤ አማርኛው ከኔ አማርኛ የተሻለ የአዲስ አበባ ነው። ሰላም ሲሆን ወደ ጁባ ተመልሶ ኒምራ ታላታ ሰፈር ቤት ተከራየ። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከጁባ ወጣ ብሎ ነጭ ዓባይ ዳር፣ ረጃፍ ያለውን የሟች አባቱን መሬት። መሬቱ ያለው በአጎቱ እጅ ነው። አጎቱ «እሰጥሃለሁ» አላሉም፤ «አልሰጥህም»ም አላሉም። «መጀመሪያ ማን እንደሆንክ ልይ» ብለውታል።

አንድ ቀን አጎቱን ምሳ ሊጋብዝ ይዟቸው መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው።

«ጋሼ፣ ስለ እርስዎ ዝና ነግሬያቸዋለሁ። እንዳያሳፍሩኝ» አለኝ።

እኔ ላሳፍረው! ካፒቴኑን አሥራ ስምንተኛው ደሴት ላይ አደረስኩት። ወዳጄ አጠገባቸው ተቀምጦ እያንዳንዱን ነገር በጁባ ዓረብኛ ይተረጉምላቸዋል። ሽማግሌው ዓሣቸውን እየበሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ደስ አለኝና ጨዋታውን አደመቅኩት።

«አሁን ንጉሡ አንተ ነህ» አልኩት ወዳጄን። «እንቆቅልህ!»

«ምን አውቅልህ!»

«ስትጠብቀው አይመጣም፤ ስትረሳው ይዞህ ይሄዳል።»

«የኒምራ ታላታ ሚኒባስ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ።

«አይደለም።»

«ሞት?»

«ሞትን ማን ይረሳዋል፣ ሞኝ! በል አገር ስጠኝ።»

«ጎንደርን።»

«አልፈልግም።»

«ጋምቤላን።»

«ካፒቴኑ የሰው አገር አይቀበልም። የራስህን!»

«እሺ፣ ረጃፍን ይውሰዱ!» አለ እየሳቀ።

በደንቡ አገር የተሰጠው ሰው ይፎክራል፤ የሰጠውን ይሰድባል። ፉከራ ደግሞ ለኔ አይቸግረኝም። «ረጃፍ ገብቼ፣ ዓሣዋን ጠብሼ፣ ጥላዋ ሥር ተኝቼ፣ አንተ በር ላይ ቆመህ የጣልኩትን እሾህ ስትለቅም፣ መልሱ እንቅልፍ ነው!» አልኩ።

ወዳጄ አንድም ሳያስቀር ተረጎመላቸው። ዋናው ስሕተት እሱ ነበር። ወይም የኔ ፉከራ ነበር። እስካሁን አልለየሁትም።

ሽማግሌው እጃቸውን ከሳህኑ አነሡ። «ረጃፍ?» አሉ። ወዳጄ እየሳቀ ደገመላቸው። ተነሥተው ታጠቡ፤ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ።

በሦስተኛው ቀን ወዳጄ ወደ ሥራ ቦታዬ መጣ።

«ጉድ ሆኛለሁ ጋሼ። ‹አገር የሚያድል ሰው መሬት ምን ያደርግለታል?› አሉኝ።»

«ጨዋታ ነው አላልካቸውም?»

«አልኳቸው። ‹እኛ እዚህ ስናልቅ እናንተ እዚያ ቁጭ ብላችሁ የምትጫወቱት ይህን ነበር?› አሉኝ።»

መላጊያዬን አስቀመጥኩ። በአፍ የተሰጠ ረጃፍ መሬት ላይ ካለው ረጃፍ ምን ይቀንሳል? በሌላ በኩል ሕዝቡ ደቡብ ሱዳን ራሷን የቻለች አገር ትሁን አትሁን ለሚለው ሕዝበ ውሳኔ ሊመዘገብ ወራት ቀርተውት ነበር፤ በየደረሱበት የሚወራው አገር፣ አገር ነው። ሽማግሌው የተቀየሙት እኔን ይሁን እሱን፣ ወይስ እኔ የማላውቀውን ሌላ ነገር፣ ባስበው ባስበው ጠፋኝ። እኔ እንዲህ ግራ ሲገባኝ ካፒቴኔ ምን ያደርግ እንደነበር እጠይቃለሁ። መልሱ ወዲያው መጣልኝ፤ ሆን ብሎ ይሸነፋል። ሽማግሌው እንቆቅልህ ይበሉኝ፤ አላውቅም እላለሁ፤ አገር ሲጠይቁኝ ረጃፍን እመልሳለሁ። ለኔ አላውቅም ማለት ቀላል ነገር እንዳልሆነ የሚያውቀኝ ያውቃል። ለወዳጄ ስል ግን ቆረጥኩ።

በማግስቱ ጠዋት በሞተር ብስክሌት ረጃፍ ወረድን። ሽማግሌው ደጃቸው ላይ መረብ ይጠግናሉ። ወዳጄ የመጣንበትን ነገራቸው። መረባቸውን ሳያስቀምጡ ጥቂት አሰቡና ተናገሩ፤ ወዳጄ ተረጎመልኝ።

«ሁሉም ሲሸሽ አልሸሸም። ሁሉም ሲመለስ ማንንም እንኳን ደህና መጣህ አላለም። ማን ነው?»

መሸነፌ አስቀድሞ የታሰበ ነው። ግን መልሱን አውቄ መተው ነበር የፈለግሁት። ወንዙ እንዳልል ሁልጊዜ እንደሸሸ ነው። «ያ ኮረብታ» አልኩ፤ ከመንደሩ በላይ ወደቆመው እየጠቆምኩ። አይደለም በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው እርስዎ ነዎት።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «እኔማ ሁለት ጊዜ ሸሽቻለሁ» አሉ።

«አላውቅም» አልኩ። ያን ጊዜ ሽማግሌው በአማርኛ፣ በራሳቸው አፍ፣ «አገር ስጠኝ» አሉኝ። ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም።

«ረጃፍን!» አልኩ፤ እጄን ዘርግቼ፣ እንደተዘጋጀሁት።

«ረጃፍ መቼ ያንተ ሆነችና?» አሉ በወዳጄ አፍ። «የራስህን።»

ለዚህ አልተዘጋጀሁም። ያለኝ የተወለድኩባት መንደር ናት። አርባ ዓመት አላየኋትም፤ ጥያት በመውጣቴም ስኮራ ነው የኖርኩት። ስሟን ስጠራ ድምፄ ያልጠበቅሁት ድምፅ ሆነ። እዚህ ስሟን አልጽፍም፤ ሰጥቻታለሁ።

ፉከራውንና ስድቡን ቆሜ ጠበቅሁ። እሳቸው መረባቸውን አስቀመጡ። ወዳጄን በእጁ ይዘው ደጁ ዳር ወዳለች አሮጌ ማንጎ ወሰዱት። ግንዷን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ረጅም ነገር ነገሩት። ዓረብኛ አውቃለሁ እያልኩ ስንት ዓመት አውርቻለሁ፤ ያኔ «አባት» ከሚለው በቀር አንድ ቃል አልያዝኩም።

«ምን አሉህ?» አልኩት።

ሽማግሌው ከማንጎዋ ተነሥተው መሬቱን በበትራቸው እየጫሩ ወደ ወንዙ ሄዱ፤ እሱ ጭረቱን እየረገጠ ተከተላቸው። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«መልሱ እሷ ናት» አለኝ፤ ማንጎዋን አሳየኝ። «አባቴ ናቸው የተከሏት። ከሷ እስከ ወንዙ የኔ ነው አሉኝ።»

«ያኔ እውነት ተቆጥተው ነበር? ወይስ ቀድመው ቆርጠው ኖሮ ነው?»

«እኔም አላውቅም ጋሼ።»

ሆን ብዬ እንደተሸነፍኩ ለሰው ሁሉ ነግሬያለሁ። እዚያ ቆሜ ግን ማን ማንን እንዳሸነፈ፣ ምን ሰጥቼ ምን እንደመለስኩ መናገር አልችልም ነበር። ሽማግሌው የእንጨት ካስማዎችና መዶሻ ይዘው መጡ። ወዳጄ አንዱን ካስማ አቀበለኝ።

«ቀጥ አድርገው ይያዙልኝ» አለ።

አርባ ዓመት አናጢ ለሆነ ሰው! ግን በሁለት እጄ ያዝኩለት፤ መታው።